"ምጣድ" የሚለውን ቃል የሰረዝኩ ቀን



ዛሬ ስለ ምዝገባም፣ ስለ ኢንተርቪውም፣ ስለ ሪሴትልመንትም አልጽፍም። በኢንቦክስ የጠየቃችሁኝን ከነገ ወዲያ እመልሳለሁ፤ አልረሳሁም። ዛሬ የምጽፈው ታሪክ ነው፤ መጽሐፍ አሳትመው፣ ከዚያ ኮሌጅ ገብተው ድርሰት ስላስተማሩ ሰዎች። ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የአገር ቤቱ ሲሆን "ዓ.ም." እላለሁ።

መነሻዬ ግን አንዲት ተማሪዬ ናት።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት አገር ቤት ሳለሁ የማስተምረው አማርኛ ነበር። እዚህ ካምፓላ ሴኮንደሪ ውስጥ እንግሊዝኛና ታሪክ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለስደተኛ ልጆች አንድ ሰዓት ተኩል የድርሰት ክፍለ ጊዜ አለን። ባለፈው ዓመት አንዲት የሲኒየር 3 ተማሪ ስለ እናቷ ጻፈች። እናቷ እንጀራ እየጋገሩ ካባላጋላ ላሉ ምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ልጅቷ በእንግሊዝኛ እየጻፈች "ምጣድ" ላይ ስትደርስ ቃሉን እንዳለ በፈረንጅ ፊደል አስቀመጠችው። "እርሾ"ንም፣ "አክንባሎ"ንም እንደዚያው። እኔ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ ሦስቱንም ሰረዝኩ። በላያቸው "ፓን"፣ "ዪስት"፣ "ሊድ" ብዬ ጻፍኩ። ከታች ደግሞ ፈታኙ አማርኛ እንደማያውቅ አስታወስኳት።

በሳምንቱ ንጹሕ ድርሰት ይዛ መጣች። አንድም ስህተት አልነበረውም። የመጀመሪያውን ከ20፣ 11 ሰጥቻት ነበር፤ ለሁለተኛው 17 ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ እናቷ ጽፋ አታውቅም። ስለ እረፍት ጊዜ፣ ስለ ትራፊክ አደጋ፣ ስለ ውሃ ጥቅም ትጽፋለች። ሁሉም ንጹሕ ነው፤ ሁሉም የማንም ልጅ ሊጽፈው የሚችል ነው።

አንድ ቀን እናቷን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እንጀራውን በፌስታል ጠቅልለው ቦዳ እየጠበቁ ነበር። "መምህር" አሉኝ፣ "ልጄ ድሮ ቅዳሜ ማታ የጻፈችውን ታነብልኝ ነበር። እንግሊዝኛውን ባልሰማም፣ ምጣድ ስትል፣ እርሾ ስትል፣ ስለ እኔ መሆኑን አውቅ ነበር። አሁን ማንበቡን ተወችው። አጥፍታ ይሆን?"

ያጠፋሁት እኔ ነኝ ለማለት አፌ አልተላቀቀም። "አላጠፋችም እትዬ" ብቻ ብዬ አለፍኩ።

በዚያው ሰሞን በወላጆች ስብሰባ ላይ የቅዳሜው ክፍለ ጊዜ ለሂሳብ ማጠናከሪያ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ተነሳ። አንድ አባት የተናገሩት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ ደራሲነት ስጦታ ነው፣ አይማሩትም፤ ልጆቻችን ደግሞ የሚያስፈልጋቸው ስኮላርሺፕ ነው አሉ። መልስ አልነበረኝም። መልስ ፍለጋ ነው ወደ ታሪክ የገባሁት።

የማስተምርባት ከተማ ለዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለችም። ከካባላጋላ ታክሲ ይዛችሁ መሀል ከተማ ወርዳችሁ፣ ሌላ ታክሲ ይዛችሁ ዋንዴጌያ ስትደርሱ ከፊታችሁ የማኬሬሬ ኮረብታ አለ። በ2020 ተቃጥሎ እንደገና የተሠራው ነጩ ሕንፃ እዚያ ነው። ዩጋንዳ ነፃ ልትወጣ አራት ወር ሲቀራት፣ በሰኔ 1962፣ ከመላው አፍሪካ የመጡ ደራሲያን እዚህ ኮረብታ ላይ ተሰበሰቡ። ቺኑዋ አቼቤ ነበር፤ ዎሌ ሾይንካ ነበር፤ ከአሜሪካ ላንግስተን ሂዩዝ መጥቶ ነበር። ወጪውን የሸፈነው ድርጅት ገንዘቡን ከሲአይኤ ይቀበል እንደነበር የታወቀው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

ከአዘጋጆቹ አንዱ ኢስኪያ ምፓሌሌ ይባላል። እኔን ልቤን የነካኝ የእሱ ታሪክ ነው። ምፓሌሌ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። የአፓርታይድ መንግሥት ለጥቁር ልጆች ያወጣውን የባንቱ ትምህርት በመቃወሙ በ1952 ከማስተማር ታገደ። በ1957 ወደ ናይጄሪያ ተሰደደ። በ1959 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። ከማኬሬሬው ስብሰባ በኋላ ናይሮቢ መጥቶ ከ1963 እስከ 1965 ቼምቼሚ የሚባል የጥበብ ማዕከል መራ፤ የጀማሪ ጸሐፊዎች ወርክሾፕ ያካሂድበት ነበር። ቼምቼሚ በስዋሂሊ ምንጭ ማለት ነው። ከክፍል የተባረረ የሴኮንደሪ መምህር በሰው አገር ሌላ ክፍል ከፈተ ማለት ነው።

ወደ ስብሰባው ልመልሳችሁ። ርዕሱ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ አፍሪካውያን ደራሲያን ስብሰባ የሚል ነበር። በስዋሂሊ የሚጽፈው ታላቁ የታንጋኒካ ባለቅኔ ሻባን ሮበርት ያኔ በሕይወት ነበር፤ በርዕሱ ምክንያት ቦታ አልነበረውም። በዚያው ሚዛን ከሄድን የኛዎቹ እነ ከበደ ሚካኤልም በር የላቸውም። ከታዳሚዎቹ አንዱ የማኬሬሬ ተማሪ ነበር፤ የልብ ወለድ ረቂቁን ለአቼቤ አቀብሎ አነበበለት። ረቂቁ በ1964 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ያ ተማሪ ያኔ ጄምስ ንጉጊ ይባል ነበር። እኛ የምናውቀው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ብለን ነው።

ከ1967 ጀምሮ ንጉጊ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህር ሆነ። እዚያ ሁለት ጓደኞች አገኘ። አንዱ ኦውር አንዩምባ ነው። ሌላው ታባን ሎ ሊዮንግ፣ ከዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ተወልዶ ሰሜን ዩጋንዳ ያደገ። ታባን አሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የድርሰት ትምህርት በማስተርስ ደረጃ የጨረሰ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው።

በመስከረም 1968 የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንቱ ኃላፊ የዲፓርትመንቱን የወደፊት እቅድ አቀረበ። ሦስቱ መምህራን በጥቅምት 24 ባወጡት አጭር ጽሑፍ መልስ ሰጡ፤ የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ይፍረስ አሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ እንግሊዝኛ ይጣል ያሉ ይመስለዋል። አላሉም። ጥያቄያቸው መሀሉ ማን ነው የሚል ነበር። የናይሮቢ ልጅ ከሼክስፒር ጀምሮ ቦታ ከተረፈ ወደ ራሱ ይምጣ ወይስ ከራሱ ጀምሮ ወደ ዓለም ይሂድ? መልሳቸው ሁለተኛው ነበር። የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ መሀል ይሁን፣ ተረቱና ምሳሌው፣ ዘፈኑና እንቆቅልሹ እንደ ሥነ ጽሑፍ ይጠና፣ የሌላው ዓለም ድርሰትም ከዚያ ተነስቶ ይነበብ አሉ። ዲፓርትመንቱ ስሙም ይዘቱም ተቀየረ። በ1974 ደግሞ ጉዳዩ ወደ እኛ ወደ ሴኮንደሪዎቹ ወረደ፤ በኬንያ ትምህርት ቤቶች ሥነ ጽሑፍ እንዴት ይሰጥ የሚል ጉባኤ ናይሮቢ ተካሄደ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች ደራሲ ሆነው ኮሌጅ የገቡት ዓረፍተ ነገር ማሳመር ብቻ ለማስተማር አይደለም። ዋናው ሥራቸው አያቱ የነገረችውን ይዞ ወደ ክፍል የመጣ ልጅ እንዲገባ በሩን መክፈት ነበር።

ይህን በተግባር ካሳዩት አንዱ የዚሁ የዩጋንዳ ልጅ ኦኮት ፕቢቴክ ነው። እናቱ ጉሉ አካባቢ የታወቁ ዘፋኝ ነበሩ። እሱ ራሱ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ በ1956 ከዩጋንዳ ብሔራዊ ቡድን ጋር እንግሊዝ ሄዶ ለትምህርት ቀረ። አንዲት የገጠር ሚስት ፈረንጅ ፈረንጅ የሚሸት ባሏን የምትወቅስበትን ረጅም ግጥም መጀመሪያ የጻፈው በአቾሊ ነው። ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1966 ታተመ፤ የአቾሊው መጽሐፍ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የካምፓላው ብሔራዊ የባህል ማዕከል ኃላፊ ሳለ መንግሥትን በመተቸቱ ከሥራ ተባረረና ኬንያ ተሰደደ። ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው በስደት ነው። የአሚን መንግሥት ከወደቀ በኋላ ተመለሰ፤ በ1982 ማኬሬሬ የፈጠራ ድርሰት ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በ51 ዓመቱ አረፈ። ወንበሩ ላይ ዓመት አልሞላም።

የንጉጊ ደግሞ ይብሳል። በ1969 ለአካዳሚ ነፃነት ሲል ናይሮቢን ለቆ ማኬሬሬ የፈጠራ ድርሰት ፌሎው ሆኖ አንድ ዓመት ቆየ። ኋላ ናይሮቢ ተመልሶ የሥነ ጽሑፍ ዲፓርትመንቱን መራ። ከዚያ 1977 መጣ። በዚያ ዓመት ሁለት ነገር ሠራ። በእንግሊዝኛ መንግሥትን ክፉኛ የሚነቅፍ ትልቅ ልብ ወለድ አወጣ፤ ሲመረቅ ሚኒስትሩ ምዋይ ኪባኪ ተገኝቶ መረቀው። ሁለተኛው ተውኔት ነው። ሊሙሩ አጠገብ ካሚሪቱ በምትባል መንደር፣ ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር በኪኩዩ ቋንቋ ጽፎ ከገበሬዎችና ከሠራተኞች ጋር አዘጋጀው። ረቂቁ ሲነበብ መንደርተኞቹ አረሙት፤ ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም፣ ይህ ዘፈን እንዲህ አይዘፈንም አሉት። ፕሮፌሰሩ ተማሪ ሆነ። ተውኔቱ በጥቅምት 2 ተጀመረ። በኅዳር 16 ፈቃዱ ተነጠቀ። በታኅሣሥ መጨረሻ ሌሊት ቤቱ ተከብቦ ተያዘ።

ሚኒስትር የመረቀው የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ነው፤ ያሳሰረው ገበሬው የሚሰማው የኪኩዩው ተውኔት ነው። ይህን ልዩነት ደጋግማችሁ አስቡት።

ካሚቲ እስር ቤት ሆኖ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ በኪኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ። ከዓመት በኋላ ሲፈታ የዩኒቨርሲቲ ሥራው አልተመለሰለትም። በ1982 የካሚሪቱን ቲያትር መንግሥት አፈረሰው፤ ንጉጊም በዚያው ዓመት ስደተኛ ሆነ። አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲያስተምር ኖሮ በግንቦት 2025 አረፈ።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። ድርሰት አይማሩትም ለሚሉ አባቶች ያዘጋጀሁት መልስ ከማኬሬሬም በፊት ያለ ነው። የቅኔ ቤት ምንድን ነው? ተማሪው ግሱንና አገባቡን ይማራል፤ ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል። በጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ እያደር እስከ መወድስ ይዘልቃል። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አያገለግልም። ሰርቆ የመጣ ይታወቅበታል። መምህሩም ራሱ ባለቅኔ ነው፤ የማይዘርፍ ሰው ዘረፋ አያስተምርም። ጎጃም ውስጥ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንበር ዘርግተው ሊቃውንት አውጥተዋል። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ቤቱን ጥሎ፣ ቆሎና ቁራሽ ለምኖ፣ በሰው አገር ጎጆ ቀልሶ የሚማር ነው። ስደትና ድርሰት ለኛ አዲስ ጎረቤታሞች አይደሉም።

ዘመናዊው ኮሌጅ ሲመጣም ይህ አልቀረም። "አደፍርስ"ን በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው ዳኛቸው ወርቁ እንደ ታባን ሁሉ አይዋ ሄዶ ስለ ድርሰት ተምሯል፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ "የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ"ን አውጥቶ ክፍሉ ውስጥ ላልነበርነው ሁሉ አስተማሪ ሆነ። ገጣሚው ደበበ ሰይፉ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ስለ ቲያትር ጥበብ የጻፈው መጽሐፍ ከአገር ስወጣ ከተውኳቸው ንብረቶች ሁሉ የሚቆጨኝ ነው። መንግሥቱ ለማ ተውኔት አሳትሞ በዩኒቨርሲቲው ቲያትር ክፍል ያስተማረ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ግን የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ቀድቶ በ1959 ዓ.ም. መጽሐፍ አድርጎታል። ናይሮቢ ላይ ሦስቱ መምህራን የቃል ወግ ይጠና ብለው ሲከራከሩ፣ የኛው ሰው የአባቱን ጨዋታ ጽፎ ጨርሶ ነበር።

ግን ራሳችንን ብቻ አናሞግስ። ንጉጊ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ኪኩዩ ሲናገር የተገኘ ልጅ እንደሚገረፍ ጽፏል። ይህን ሳነብ እንግሊዞቹን ብቻ ለመርገም ቸኩዬ ነበር። በኋላ አገር ቤት የነበረውን ክፍሌን አስታወስኩ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ነበር። እኔ የመጣሁት ከዚያ ብዙ ቆይቼ ነው፤ ሆኖም ኦሮምኛ አፉን የፈታ ተማሪዬ አማርኛ ድርሰቱ ውስጥ የእናቱን ቃል ሲያስገባ በቀይ የሰረዝኩበት ቀን አለ። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። እዚህ ቅዳሜ ክፍሌ ውስጥ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ የሚናገሩ ልጆች አሉ። እንግሊዝኛ በምጣድ ላይ ያደረገውን አማርኛ በእነሱ ላይ እንዲያደርግ ከፈቀድኩ ከዚህ ታሪክ ምንም አልተማርኩም።

ታዲያ ፈተናውስ? ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ለልጆቻችን እንጀራ ነው። ይህን የሚክድ ስደተኛ መምህር በልጆች ይቀልዳል። እኔ የያዝኩት የኦኮትን መንገድ ነው። መጀመሪያ በአፍ መፍቻህ ጻፍ፤ ቤት ወስደህ አንብብ፤ ከዚያ ራስህ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው። ለዚህ ሁለት ደብተር ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ደብተር ቀይ እስክሪብቶ አይነካውም።

ከሁለት ወር በፊት ክፍል ፊት ቆሜ ያቺን ልጅ ይቅርታ ጠየቅኳት። አንገቷን ደፋች፤ ምንም አላለችም። ሦስት ቅዳሜ ባዶ ደብተር ይዛ መጣች። በአራተኛው ግማሽ ገጽ በአማርኛ ጽፋ አመጣች። አንድ ቦታ ላይ እናቷ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳሉ የሚለው ተሰርዞ ዘጠኝ ሰዓት ተብሏል። ማን እንዳረመው ጠየቅኳት።

"እማዬ ናት። 'አሥራ አንድ ሰዓት ከተነሳሁማ ማን ይጠብቀኛል' አለችኝ።"

የካሚሪቱ ገበሬዎች ትዝ አሉኝ።

ወገኖቼ፣ የወላጆች ኮሚቴ የቅዳሜውን ሰዓት ጉዳይ በሚቀጥለው ወር ይወስናል። ሂሳብ አያስፈልግም አልልም፤ እሑድ ከሰዓት እኔው ራሴ ክፍል አፈላልጋለሁ። የቅዳሜውን ግን እንዳትወስዱብን እለምናለሁ።

ሌላም ልመና አለኝ። እዚህ ካምፓላ፣ ናይሮቢም፣ በየትኛውም ቋንቋ መጽሐፍ ያሳተማችሁ ሰዎች በመካከላችን እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ሱቅ ትጠብቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ካርዳችሁ እስኪታደስ ቤት ተቀምጣችኋል። አንድ ቅዳሜ ስጡን። ደመወዝ የለንም፤ ሻይና ቻፓቲ አለን። መጽሐፋችሁን ሳይሆን የሰረዛችሁበትን ረቂቅ ይዛችሁ ኑ። ልጆቹ የታተመ መጽሐፍ አይተዋል። መጽሐፍ የጻፈ ሰው ሲሰርዝ፣ ሲጨነቅ፣ እንደገና ሲጀምር ግን አላዩም።

ለምትመጡ በኢንቦክስ ጻፉልኝ። ለምታውቁት ደራሲም አድርሱልኝ።

ቸር ሰንብቱ።